ቀጥታ ስርጭት በምኩራብ እሁድ

ያኔ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ያቆምሁ ሴት ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ የማውቀውን ያወቅሁት ሰው እየጠየቅሁና የተጻፈ ነገር ሁሉ እያነበብሁ ነው፤ የስኳር መጠቅለያም ቢሆን አይቀረኝም። ከዳባት የጥቂት ሰዓት የመኪና መንገድ በምትርቅ ከተማ፣ አራዳ በሚባለው ሰፈር ከመንገድ ዳር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ልብስ እሰፋለሁ። በዓል ሲቃረብ የጥልፍ ቀሚስ፣ በሌላው ጊዜ የተማሪ ዩኒፎርምና ጉልበቱ የተቀደደ ሱሪ። ከኋላዋ ባለችው ክፍል እኔና አባቴ እንኖር ነበር።

አባቴ ከዳባት በላይ ባለች አንዲት የገጠር ደብር መሪጌታ ነበር፤ ጸጉሩ ከጥቁር ወደ ነጭ የተለወጠው እዚያው ቅኔ ማኅሌት ውስጥ ነው። በኋላ ዓይኑን ሞራ ጋረደው፣ ጉልበቱም ከዳው፣ ወደ እኔ መጣ። ቤተ ክርስቲያኑ ከቤታችን ሩቅ አይደለም፤ ግን ዳገት ነው፣ የመንገዱ ድንጋይም ያዳልጣል። ሁለት ጊዜ ወደቀ። ከሁለተኛው በኋላ "በቃኝ፣ ሰው አላስቸግርም" አለና ቤት ቀረ። እሁድ እሁድ ነጭ ለብሶ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ደወሉ ሲደወል ይነሣል፣ ያማትባል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። ያን ማየት ለእኔ ከባድ ነበር።

አራት ዓመት የሚበልጠኝ አንድ ወንድም ነበረኝ። ዜማን ፊደል ከመቁጠሩ ጀምሮ ከአባቴ ተማረ፤ ካደገ በኋላ በደቡብ በኩል ባለች ሩቅ ከተማ መሪጌታ ሆነ። የደብሩ ሰንበት ተማሪዎች የእሁዱን አገልግሎት በኢንተርኔት የሚያስተላልፉበት ቻናል ከፈቱ። ወንድሜ ይህን እንደሰማ ደወለልኝ።

"ለአባዬ ቴሌቪዥን እልካለሁ። ተራው ዓይነት አይደለም፤ ኢንተርኔት የሚቀበል ነው። አንቺ አሠራሩን ተማሪ፣ ያየውን እኔ በየሳምንቱ እጠይቀዋለሁ" አለኝ።

"እኔ ምን አውቄ?"

"ዚፕ መቀየር ማን አስተማረሽ?" አለና ሳቀብኝ።

ቴሌቪዥኑ በመንገደኛ እጅ መጣ። ዋይፋዩን ከአከራያችን ጋር ተጋራን። የቀረው ቋንቋው ነበር። ሳጥኑን ስከፍተው የማላውቀው ቃል ሁሉ ተሰልፎ ጠበቀኝ። እንግዲህ ምን ላድርግ፤ የደንበኞቼን የወገብና የደረት ልክ በምጽፍበት ደብተር ጀርባ ላይ እያንዳንዱን ቃል እንደ ድምፁ ጻፍሁና መንገዱን ተሻግሬ ስልክ ወደሚጠግነው ጎረቤቴ ሄድሁ። እሱ የሦስት ልጆች አባት ነው፣ ምላሱ ከመርፌዬ ይስላል።

"ስትሪም ማለት ምንድን ነው?" አልሁት።

"እንዲያው ምነው እትዬ፣ ሥራዬን ልትነጥቂኝ ነው?"

"የሱሪህን ቂጥ ስንቴ ሰፋሁልህ? መልስልኝ።"

እየሳቀ ነገረኝ። ከነገረኝ ውስጥ ግማሹ ገባኝ፤ ግማሹን ቤቴ ሄጄ እየነካካሁ ደረስሁበት። ለአባቴም በሚያውቀው ነገር መተርጎም ነበረብኝ። እኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ በመጣ ቀን በየጀሪካኑ እንቀዳለን።

"አባዬ፣ ዳውንሎድ የሚሉት በጀሪካን የቀዳነው ውኃ ነው። ቤት ውስጥ አለ፣ በፈለግን ጊዜ እንጠጣዋለን። ስትሪም የሚሉት ግን ከቧንቧው ሥር አፍን ደቅኖ መጠጣት ነው። ሲፈስ ትጠጣለህ፣ ሲቆም ቆመ፤ ቤት የሚቀር ነገር የለም።"

"ታዲያ ይህ በመሐል የሚሽከረከረው ቀለበት ምንድን ነው?"

"ባፈሪንግ ይሉታል። ውኃው ቀጥኖ ሲመጣ ጽዋውን እስኪሞላ ይጠብቅሃል። ጥቂት ያጠራቅምና ያጠጣሃል።"

"ሸጋ ነገር ነው። የኔታም እንዲህ ነበሩ፤ የትናንቱን ሳናደላድል የዛሬውን አይሰጡንም" አለ።

የዘገየ ስርጭት የሚሉትን ያስረዳሁት ደግሞ በስልክ ነው። የወንድሜ ሚስት አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሆና ደወለችልን። በስልኩ ውስጥ ደወሉ ሲደወል ተሰማን፤ በቴሌቪዥኑ ግን ካህኑ ገና ማዕጠንቱን እያነሡ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ያው ደወል በእኛ ቤት ተደወለ። አባቴ ጣቱን ወደ ላይ ቀሥሮ አዳመጠ።

"ምነው፣ ደወሉ መንገድ ላይ አረፍ ይላል እንዴ?"

"ከካሜራው ወጥቶ፣ ብዙ አገር ዞሮ ነው እኛ ዘንድ የሚደርሰው። ግማሽ ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ይቀራል።"

"እንግዲያ እኛ አሜን የምንለው እነሱ ካሉ በኋላ ነው።"

"አዎ።"

"ይሁን። እግዜር ሁለቱንም ይሰማል።"

የምስሉን ጥራት ዝቅ ማድረግም ተማርሁ፤ መረቡ ሲደክም ፊቱ ቢደበዝዝ ይሻላል፣ ድምፁ እንዳይቆራረጥ። ከሁሉ በላይ ግን አባቴ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር። ምስሉ አሁን የሚሆን ነው ወይስ ያለፈ? ያለፈ ከሆነ መነሣት፣ መስገድ፣ አሜን ማለት ከንቱ ይመስለዋል። እኔም ከማየው ተነሥቼ ሕግ አወጣሁለት። በስርጭቱ ጥግ ላይ ቀይ ምልክት ይወጣል፤ እሱ በሞራው ውስጥ እንደ ደም ጠብታ ይታየው ነበር።

"ቀይ ካለ ቀጥታ ነው፣ አሁን ነው። ቀይ ከሌለ ድጋሚ ነው፣ ያለፈ ነው" አልሁት።

ይህንን እንደ ውዳሴ ማርያም ያዘው። እኔም ልክ ነኝ ብዬ አምኜ ነበር።

ከዚያ በኋላ እሁዳችን ተለወጠ። አባቴ ሪሞቱን በጣቱ እየዳሰሰ መክፈት ተማረ፤ መካከለኛውን ክብ ቁልፍ ሁለት ጊዜ። ሁልጊዜ ግን እኔን ይጠብቀኝ ነበር፤ "ነይ፣ አብረን እንግባ" ይላል፣ ቤተ ክርስቲያን የሚገባ ይመስል። ልጁን በአቋቋሙ ይለየው ነበር። ወንድሜ መቋሚያውን ወደ ቀኝ ብብቱ ጠጋ አድርጎ አንገቱን ዘንበል ያደርጋል፤ "ይኸው፣ ያ የኔ ልማድ ነው፣ እንዳይለምድብኝ ስንቴ ተቆጣሁት" ይልና ደስ ይለዋል። አገልግሎቱ ሲያልቅ ወንድሜ ይደውላል፣ አባቴም ያርመዋል። "ሦስተኛው ላይ ቸኩለሃል።" ወንድሜ ያ ሁሉ ምዕመን የሚያከብረው ሰው፣ ስልኩ ውስጥ "እሺ አባዬ" ሲል እሰማለሁ።

የዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ የወንድሜ ሚስት ወንድም ደወለልኝ። ሱቄ ውስጥ ነበርሁ። ወንድሜ ከቅዳሴ ወጥቶ ደረቱን ይዞ ተቀምጦ፣ ሐኪም ቤት ሳይደርስ ማረፉን ነገረኝ። ቀብሩ በማግስቱ ነው አለ። እኔ ልደርስ አልችልም፤ መንገዱ በዚያ ሰሞን ይከፈታል ሲሉት ይዘጋል።

አባቴ ከግድግዳው ማዶ ዳዊት በቃሉ እየደገመ ነበር። ድምፅ አውጥቼ ካለቀስሁ ይሰማል። የስፌት መኪናዬን ክር ሳላስገባ ረገጥሁት። እየረገጥሁ፣ በባዶ መርፌ ጨርቅ እየወጋሁ፣ እስኪመሽ አለቀስሁ። አባቴ "ዛሬ ሥራ በዛብሽ" አለኝ። "አዎ አባዬ" አልሁት።

በእኛ አገር ለአባት የልጁ ሞት በልጅ አፍ አይነገርም። መርዶ የራሱ ሥርዓት አለው። ታላላቆች ይሰበሰባሉ፣ የነፍስ አባት ይመጣሉ፣ ሳይነጋ በሩ ይንኳኳል፣ ሰውየው ሲወድቅ የሚይዘው እጅ በዙሪያው ይኖራል። የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ ገበሬው አጎቴ፣ ከዳባት በላይ ነው የሚኖረው። ደወልሁለት።

"እኔ ሳልደርስ ከአፍሽ እንዳይወጣ። አያን የማረዳው እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ቢያረዳብኝ ለቅሶው ላይ አልቆምም" አለ።

"መቼ ትደርሳለህ?"

"ቅዳሜ።"

ቅዳሜ አልደረሰም። ከመንገዱ እኩሌታ፣ አምባ ጊዮርጊስ ላይ መኪናው ቆመ፤ መንገዱ እስኪከፈት ጠብቁ ተባሉ። ዓርብና ቅዳሜ እንዴት እንዳለፉ እኔ ነኝ የማውቀው። አባቴ "ደውዪለት እስቲ፣ ስለ እሁዱ የጾመ ድጓ ዜማ አንድ ነገር ልነግረው ነው" ይለኛል። "መረብ የለም" እለዋለሁ። "ለስልክም?" ይለኛል። "ለሁሉም" እለዋለሁ። ውሸት ስትለምጂው ይቀላል ይላሉ፤ እኔ አልቀለለኝም።

እሁዱ የጾሙ ሦስተኛ ሰንበት፣ ምኩራብ ነበር። ለቴሌቪዥኑም "ዋይፋዩ ጠፍቷል" ልለው አስቤ ነበር። ጧት አጎቴ ደወለ፤ አባቴ እንዳይሰማ ስልኩን ይዤ ወደ ግቢው ወጣሁ።

"ዛሬም አልተከፈተም። እግሬን ልሞክር እያልሁ ነው" አለ።

"በእግርህ? ስድሳ አልፈሃል እኮ!"

"አያ ምን ይላል?"

"ምንም አያውቅም። ስለ ድጓ ያወራል።"

አጎቴ በስልኩ ውስጥ አለቀሰ። እኔም ግድግዳ ተደግፌ ቆየሁ፤ ከሚገባው በላይ ቆየሁ። ተመልሼ ስገባ ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል። አባቴ ከስክሪኑ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጦ ሪሞቱን በሁለት እጁ ይዟል። መረቡ ደክሞ ቀለበቱ ይሽከረከራል። ከቀለበቱ ኋላ የቆመው ምስል ወንድሜ ነው፤ መቋሚያውን ወደ ቀኝ ብብቱ አስጠግቶ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ። በጥጉ ላይ ቀዩ ምልክት በርቷል።

ምን ልበላችሁ። ሐሙስ የሰማሁት እኔ፣ ዓርብ መቀበሩን የሰማሁት እኔ፣ ለአንድ ትንፋሽ ያህል "አልሞተም" አልሁ። ቀይ ነው፣ አሁን ነው፣ ተሳስተዋል አልሁ።

"መጣሽ? አልጠብቅ ብዬ ከፈትሁት፣ ይቅር በይኝ። መረቡ ተመልሷል። ይኸው ቆሟል፣ ቀዩም አለ። ድምፁ ብቻ አልመጣም" አለኝ አባቴ።

ያኔ ነው ከምስሉ ግርጌ የተጻፈውን ያነበብሁት። የወንድሜ ስም ነበር፣ ከፊቱ መስቀል፣ ከኋላው "ለመታሰቢያ" የሚል። ሰንበት ተማሪዎቹ መሪጌታቸውን ሊዘክሩ ያለፈውን የንግሥ በዓል ቅጂ አውጥተው ማስተላለፋቸው ነው። አባቴ ፊደሉን ማየት አይችልም። ቀዩን ብቻ ነው የሚያየው፤ ቀዩን ደግሞ እኔ ነኝ ያስተማርሁት።

"አባዬ፣ ይቆራረጣል ዛሬ፤ ልዝጋውና ..."

"ተይው፣ ጽዋው ይሙላ" አለ።

ጽዋው ሞላ። ቀለበቱ ጠፋና ድምፁ መጣ። ከበሮ ነበር። ጸናጽሉም አብሮ፣ ጭብጨባውም፣ እልልታውም።

ይህን የምታነቡ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። በዐቢይ ጾም ከበሮ አይመታም። ጸናጽል አይነሣም። ከመግቢያው ሰንበት ከዘወረደ እስከ ትንሣኤ ዜማው በመቋሚያ ብቻ ነው የሚቆመው። ይህን ሕግ ለወንድሜ ያስተማረው አባቴ ነው።

የአባቴ ፊት መጀመሪያ የቁጣ ሆነ። "ከበሮ? በምኩራብ?" አለ። ስሕተት ሠርተዋል ብሎ ነው። ጆሮውን አስጠጋ። ዜማውን ሰማ፣ ቃሉን ሰማ። ቁጣው ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ሲሄድ አየሁት፤ ሌላ ነገር ሲተካውም አየሁ።

"ይህ የዛሬ አይደለም" አለ።

ሪሞቱን ልወስድ እጄን ዘረጋሁ፤ አለቀቀውም።

"ቀዩ አለ?"

"አለ።"

"ግን የዛሬ አይደለም። የንግሥ ነው።" ሪሞቱን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። "ዛሬ ልጄ የት ቆሞ ነው ያለፈውን የሚያሳዩኝ?"

ብዋሽም የሚያምነኝ አይመስለኝም ነበር። ስክሪኑ ላይ ወንድሜ እየዘለለ፣ እየሣቀ፣ ላቡን በነጠላው እየጠረገ ነው። አባቴ እጁን ዘርግቶ እጄን ፈለገ፣ አገኘውና ያዘው።

"ክር የሌለው መኪና ስትረግጪ ሰምቻለሁ። ክር ሲኖርበት ድምፁ ሌላ ነው" አለኝ።

"አባዬ ..."

"ተይ። አትንገሪኝ።"

"ላሳርፍህ፣ ልንገርህ ..."

"አይሆንም። አጎትሽ የት ደርሷል?"

"አምባ ጊዮርጊስ።"

"እሱ ያን ሁሉ መንገድ የሚመጣው ቃሉን ተሸክሞ ነው። አንቺ ብትወስጂበት ምን ይዞ በበሬ ይገባል? እስኪመጣ እጠብቃለሁ። አሁን ዝጊው።"

ዘጋሁት።

ከእሁድ ቀትር እስከ ማክሰኞ ንጋት ሁለታችንም እያወቅን፣ አንዳችን ለሌላው ቃል ሳንተነፍስ ኖርን። ጎረቤት "እንዴት ዋሉ መሪጌታ?" ሲለው "እግዚአብሔር ይመስገን" አለ። እህል አልቀመሰም፤ ጾም ነውና ማንም አልጠየቀው። ነጭ ኩታውን እንዳጥብለት ሰጠኝ። የወለቀች የሸሚዝ ቁልፉንም እንድተክልለት፤ ልብሱ ላዩ ላይ እንዳለ ስተክል ልቡ ከጣቴ በታች ሲመታ ይሰማኝ ነበር። ዳዊቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃሉ ደገመ፤ ሲጨርስ እንደገና ጀመረ። አንድ ጊዜ ብቻ ድምፁ ተሰበረ። ያኔም ሳል አስመሰለው። እኔም ውኃ አቀረብሁለት፤ ሳል ነው ብዬ እንዳመንሁ ሁሉ።

አጎቴ ሰኞ ማታ ገባና እንደ ወጉ በጎረቤት ቤት አደረ። አባቴ ይህን ማንም ሳይነግረው፣ ሲተኛ "ነገ በጊዜ ቀስቅሽኝ" አለ። ስቀሰቅሰው ነቅቶ ነበር። ፊቱን ታጠበ፣ ኩታውን እንደ ዘወትሩ ለበሰ፤ ጥለቱን እንደ ለቅሶ አልዘቀዘቀውም። ተቀመጠ። በሩ ተንኳኳ።

የነፍስ አባታችን ቀድመው ገቡ፣ ጎረቤቶች ተከተሉ፣ አጎቴ መጨረሻ። እግሩ አብጦ ነበር፤ የመንገዱን እኩሌታ በእግሩ ነው የመጣው። ከአባቴ ፊት ተንበረከከ።

"አያ" አለ። "አያ፣ በርታልኝ።"

"ምነው ወንድሜ፣ በዚህ ጧት?"

"ልጅህ አርፏል።"

"ማን አልኸኝ?"

"ልጅህ። መሪጌታው ልጅህ። ሐሙስ አረፈ።"

አባቴ እስከ መጨረሻው አስነገረው። ሕመሙን ጠየቀ፣ ቀብሩን ጠየቀ፣ ጸሎተ ፍትሐቱን ማን እንዳደረሰ ጠየቀ። አጎቴ የተሸከመውን አንድ በአንድ አወረደ። የሚቀረው ሲጠፋ አባቴ ከአልጋው ጫፍ ተነሣና "ልጄን! ተማሪዬን!" ብሎ ጮኸ። እንዲያ ያለ ጩኸት ከአንድ ሽማግሌ ደረት ሲወጣ አልሰማሁም ነበር። ወደቀ፣ ያዙት። ለዚያ ነበር የመጡት።

በለቅሶው መሐል አጎቴ ወደ ጓዳ ጠርቶኝ "ነግረሽዋል?" አለኝ።

"ከአፌ አልወጣም" አልሁት። ዓይኔን አየኝና ሌላ አልጠየቀኝም።

ከሰንበት ተማሪዎቹ አንዱ ሊያጽናናን ሲደውል ስለ ቀዩ ምልክት ጠየቅሁት። ልጁ ደነገጠ፤ አባቴ ያያል ብለው እንዳላሰቡ ማለልኝ። ከዚያ አስረዳኝ። አስቀድሞ የተቀረጸ ነገርም በቀጥታ ስርጭት መስመር ሊለቀቅ ይችላል። ቀዩ የሚናገረው ስርጭቱ አሁን እየተላከ መሆኑን ነው፤ በውስጡ ያለው ሰው መቼ እንደ ቆመ አይናገርም። ደብተሬ ላይ የጻፍሁትን ሰረዝሁና ይህንን ጻፍሁ። ለአባቴም ነገርሁት፤ ያሳሳትሁህ እኔ ነኝ አልሁት።

"አላሳሳትሽኝም። ለአንድ አፍታ አስደሰትሽኝ" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ እሁድ አውርተን አናውቅም።

አጎቴ ከሰልስቱ በኋላ ሊሄድ ጓዙን አስሮ ነበር። የእርሻ ዝግጅት ደርሶበታል። ጧት ተነሥቶ ሲያይ አባቴ ጨለማው ሳይለቅ በሩ ላይ ቆሟል፤ ወዴት እንደሚሄድ ተጠይቆ "ቤተ ክርስቲያን" አለ። አጎቴ ጓዙን ፈታ። በሬዎቹን አማቹ እንዲያያቸው በስልክ ነገረና ከእኛ ጋር ቀረ። በጾሙ በቀሩት እሁዶች ሁሉ አባቴን ክንዱን ይዞ በዳገቱ አወጣው፤ ሦስት ቦታ ያሳርፈዋል። አጎቴ ፊደል አይቆጥርም፣ ዜማም አያውቅም። አባቴ ሲቆም ከኋላው ይቆማል፣ ሲደክመው ጀርባውን ይደግፈዋል። ፋሲካን አብሮን ዋለና በማግስቱ ወደ ዳባት ተመለሰ።